የመጀመሪያ የጦር መርከብ ሞዴል፦ «ኢትዮጵያ»ን መሥራት እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?

የሐይቁ_ማዶ
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሲያትል ነው። የፕላስቲክ ሞዴል ሠርቼ አላውቅም፤ መኪናም ሆነ አውሮፕላን። አሁን ግን የጦር መርከብ መሥራት አምሮኛል፣ ያውም አንዲት የተለየች መርከብ። አባቴ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበር። ያገለገለው «ኢትዮጵያ» በምትባለው መርከብ ላይ ነው።

ስለ እሷ ሳነብ ያላሰብኩት ነገር አገኘሁ። የተሠራችው እዚሁ እኛ ሰፈር ነው! ሌክ ዋሽንግተን ሺፕያርድ የሚባለው የመርከብ ፋብሪካ ሃውተን ነበር፤ ሃውተን ዛሬ የከርክላንድ ከተማ አካል ነው። ቦታው አሁን ካሪሎን ፖይንት ይባላል፣ ሆቴልና ምግብ ቤት ሆኗል። ስንቴ ቡና ጠጥቼበታለሁ መሰላችሁ።

ጥያቄዬ፦ የቱን ኪት (ተገጣጣሚ ክፍሎቹ በሳጥን የሚመጡ ሞዴል) ልግዛ? ትልቅ እንድትሆን እፈልጋለሁ፣ ሳሎን ውስጥ ከሩቅ የምትታይ። ኤርብራሽ (ቀለም በአየር የሚረጨው መሣሪያ) የግድ ነው ወይ? ባለቤቴ ደግሞ «ቤቱ በቀለም ሽታ ሊሞላ ነው?» ብላ ጠይቅልኝ ብላለች።

ወረንጦ
እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። ከመጥፎው ዜና ልጀምር። የምትፈልጋትን መርከብ ለጀማሪ በሚሆን የፕላስቲክ ኪት ሱቅ ገብተህ አገኛለሁ ብለህ አትጠብቅ። የቀድሞ ስሟ ኦርካ ነው። ከባርነጋት መደብ መርከቦች አንዷ ነበረች፣ ሥራቸውም ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን መደገፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 ውሃ ላይ ወርዳ በ1944 መጀመሪያ ላይ አገልግሎት ጀመረች። በ1962 ለኢትዮጵያ ተሰጠች። ኪት አምራቾች ደግሞ የሚሸጥላቸውን ነው የሚያወጡት። እንደ ቢስማርክ፣ ያማቶ፣ ሚዙሪ ያሉ ታዋቂ የጦር መርከቦች እንደ ጉድ ይሸጣሉ። ረዳት መርከብ ማን ይገዛል?

ብዙም ያልታወቁ መርከቦች አብዛኛውን ጊዜ በሬዚን (በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ በሚጠነክር ሙጫ መሰል ነገር) ነው የሚወጡት፣ በትንንሽ አምራቾች። በሬዚን ጀምር አልልህም። የፕላስቲክ ሙጫ አይዘውም፤ ሁሉም ነገር በሱፐር ግሉ ነው። ሲሞረድ የሚወጣው ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ነው፣ ጭምብል ይፈልጋል፣ በውሃ እያረጠቡ መሞረድ ያስፈልጋል። መመሪያውም ብዙ ጊዜ ሁለት ገጽ ብቻ ነው።

ስለዚህ ምክሬ፦ መጀመሪያ እጅህን በሌላ መርከብ አፍታታ። የጃፓኑ ኩባንያ ታሚያ ያወጣውን የፍሌቸር ኪት በ1/700 (ርዝመቱ ከእውነተኛው 700 ጊዜ ያነሰ) ግዛ። አሜሪካዊ ዲስትሮየር (ፈጣን መለስተኛ የጦር መርከብ) ነው፣ ዘመኑም ከአባትህ መርከብ ጋር አንድ ነው። መድፎቹም የአንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ባለ 5 ኢንች። የፍሌቸር መደብ መርከቦች 175 ተሠርተዋል፤ ስለዚህ ፎቶና ንድፍ እንደ አሸዋ ነው። ኪቱ ዋጋው ቀላል ነው፣ ክፍሎቹ በደንብ ይገጥማሉ። ብታበላሸው አታለቅስም።

ኤርብራሽ አያስፈልግህም። ለእመቤት ንገርልኝ፦ በውሃ የሚቀጥን አክሬሊክ ቀለም ብዙም አይሸትም። የሚሸተው ሙጫው ነው፣ እሱንም መስኮት ከፍቶ መሥራት ነው።

ስቱኮ_በብዛት
በወረንጦ አልስማማም። ሰውየው ትልቅ ነው የፈለግኩት እያለ አሥራ ስድስት ሴንቲሜትር ትሰጠዋለህ? እውነተኛው ፍሌቸር ወደ 115 ሜትር ይረዝማል። በ1/700 ከስክሪብቶ ብዙም አይበልጥም። በ1/350 ግን 33 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ታሚያ በዚህም መጠን አለው። ክፍሎቹ በጣት ይያዛሉ፣ በዓይን ይታያሉ። እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፤ 1/700 ለወጣት ዓይን ነው።

ወረንጦ
የ1/350 ችግር ባዶነቱ ነው። መጠኑ ሲያድግ ዓይን ብዙ ይጠይቃል። እውነተኛው የወለል ዙሪያ መከላከያ ብረት አንድ ሜትር ገደማ ቢሆን በ1/700 አንድ ሚሊሜትር ተኩል አይሞላም። ባይኖርም ማንም ልብ አይልም። በ1/350 ግን ሦስት ሚሊሜትር ሊሆን ምንም አይቀረውም። ከሌለ መርከቧ ራቁቷን ትታያለች። ያኔ ፎቶ ኢች (ከስስ ብረት የተሠሩ ጥቃቅን ክፍሎች) መግዛት፣ ማጠፍ፣ በሱፐር ግሉ መለጠፍ ይመጣል። ጀማሪን ከዚህ በላይ ከሙያው የሚያባርር ነገር አላየሁም። ባለ 72 ሴንቲሜትር ቢስማርክ ገዝተው ቀፎውን ብቻ አጣብቀው የተዉ ስንት ሰዎች አውቃለሁ። ሳጥኑ አልጋ ሥር ነው ያለው።

ስቱኮ_በብዛት
እሺ፣ ስለ ቢስማርኩ ተስማምተናል። ስለ ፍሌቸር ግን አልተረታሁም።

ቦሌ_ሞዴሊስት
እኔ ከአዲስ አበባ ነኝ። እናንተ ስለ መጠን ትከራከራላችሁ፣ እኛ የመጣልንን እንሠራለን 😄

ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ዕቃ ለምታስይዙ አንድ ማሳሰቢያ። ኪቱ በሻንጣ ይመጣል፣ ችግር የለውም። የፕላስቲክ ሙጫ፣ ቲነር፣ ኢናሜል ቀለም፣ ስፕሬይ ግን ተቀጣጣይ ስለሆኑ አውሮፕላን ላይ አይፈቀዱም፤ በእጅም በሻንጣም። ታሚያ አክሬሊክ የሚለው ቀለም ራሱ ውስጡ አልኮል አለው። በውሃ የተሠሩትን፣ ቫሌሆን የመሳሰሉትን አስመጡ። እኔ ሱፐር ግሉ እዚሁ እገዛለሁ። የብርጭቆ ወረቀት፣ የቀለም ፕላስተር፣ ስቴኪኒ፣ የልብስ መቆንጠጫ፣ ወረንጦ ሁሉም እዚህ አሉ። ጥሩ ብሩሽ ግን አስመጡ፤ ጸጉሩን የሚረግፍ ብሩሽ የቀባኸውን ሁሉ ያበላሽብሃል።

ሻማና_ፕላስቲክ
የሐይቁ ማዶ፣ ስለ መጠኑ እነሱ ይጨቃጨቁ፣ እኔ ወደ ሥራው ልውሰድህ። አብዛኛው ጀማሪ የሚቸገረው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

መመሪያው ከ1 እስከ መጨረሻው «አጣብቅ፣ አጣብቅ» ይልሃል። መርከብ ላይ እንዲህ ከሠራህ ቀለም የምትቀባው ሁሉም ነገር ተጣብቆ ካለቀ በኋላ ነው። ከመድፉ ጀርባ፣ ከቶርፔዶው ሥር፣ በጭስ ማውጫዎቹ መካከል ብሩሽ አይገባም። ወለሉ አንድ ቀለም፣ ግድግዳው ሌላ ቀለም ከሆነማ እግዜር ያሳይህ።

ስለዚህ በክፍል በክፍል ነው የሚሠራው። ቀፎውና ወለሉ አንድ ክፍል። የፊት ማዘዣው አንድ ክፍል። ጭስ ማውጫዎቹ ለብቻ፣ መድፎቹ ለብቻ፣ የቶርፔዶ ቱቦዎቹ ለብቻ። እያንዳንዱን በእንጨት ጫፍ ላይ በፕላስተር ለጥፈህ ትቀባለህ። በመጨረሻ ትገጣጥማለህ። ሙጫ ከመንካትህ በፊት ሁሉንም በደረቁ ገጥመህ ሞክር፣ የትኛው ከየትኛው በፊት መግባት እንዳለበት ያኔ ይታይሃል።

ቀለም ያረፈበት ቦታ ላይ ሙጫው አይሠራም። ሙጫው ፕላስቲኩን አቅልጦ ነው የሚያያይዘው፤ መሀል ላይ ቀለም ካለ የሚያቀልጠው ቀለሙን ነው። የሚጣበቀውን ቦታ በከተር ጫፍ ፋቅ ፋቅ አድርገው።

ከሁሉም በፊት ግን ክፍሎቹን ከተያያዙበት የፕላስቲክ ፍሬም ሳትቆርጥ በለብ ያለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠባቸው። ከፋብሪካ የመጣ ቅባት ስላለባቸው ቀለም ይሸሻል።

የሐይቁ_ማዶ
እግዜር ይስጣችሁ። በስቱኮ ተፈትኜ ነበር፣ ግን ትንሹን ፍሌቸር ገዛሁ። ሳጥኑን ስከፍት ሳቄ መጣ። የሰናፍጭ ቅንጣት የሚያህል ነገር «መድፍ» ይላል! ሙጫው ባለ አረንጓዴ ክዳኑ ቀጭን ሙጫ ነው። ልክ ነው?

ሻማና_ፕላስቲክ
ልክ ነው። እሱን እንደ ማስቲሽ ቀብተህ አትጫነው። ሁለቱን ክፍሎች አስቀድመህ ግጠማቸው፣ ያዛቸው፣ ከዚያ በክዳኑ ብሩሽ መጋጠሚያውን ነካ ብቻ አድርገው። ራሱ ስንጥቁን ተከትሎ ይገባል። ጣትህ መጋጠሚያው ላይ እንዳይሆን ግን፣ አሻራህ ፕላስቲኩ ላይ ይታተማል። ቀፎውን ካጣበቅህ በኋላ እስከ ማግሥቱ አትነካካው። ክፍተት ከቀረ ስቱኮ፣ ከዚያ 400 ቁጥር ወረቀት፣ ከዚያ 800።

ክፍሎቹን ከፍሬሙ ስትቆርጥ አትጠምዝዝ። ራቅ አድርገህ ቁረጥ፣ የተረፈውን በከተር ላጠው። ትንንሾቹን ስትቆርጥ ፍሬሙን ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስገብተህ ቁረጥ። ከተፈናጠሩ ከረጢቱ ውስጥ ይቀራሉ።

የቀይ_ባሕር_ሽማግሌ
ልጆች፣ ሳነብ ቆየሁና ዝም ማለት አቃተኝ። እኔ ሞዴል ሠሪ አይደለሁም። በንጉሡ ዘመን በባሕር ኃይል አገልግያለሁ። «ኢትዮጵያ»ን አውቃታለሁ። በባሕር ኃይል በዓል ሰሞን ጃንሆይ ምፅዋ ሲወርዱ የእንግሊዙም፣ የአሜሪካኑም፣ የፈረንሳዩም መርከብ ይመጣ ነበር። የእኛዋ ከእነሱ መሀል ቆማ እንዳታሳፍር እንዴት እንደምናጥባት!

የልጅ ልጄ ኢንተርኔት ላይ የመርከብ ሞዴሎች አሳየኝ። ሁሉም ዝገት በዝገት ናቸው። ከየቀዳዳው ቡናማ ይፈስሳል። ማን ነው እንዲህ ያለ መርከብ ያየው? እንዲህ ያለ መርከብ ላይ የነበረ ሠራተኛ አለቃው ምን ያደርገው ነበር? ምፅዋ ሙቀቱና ጨዉ ብረት ይበላል፣ እውነት ነው። ለዚህም ነው ሥራችን ቀኑን ሙሉ መፋቅና መቀባት የነበረው። መርከበኛ ግማሹ ዕድሜው ቀለም ነው። ዝገት የሚታየው መልህቁ የሚወጣበት ቀዳዳ አካባቢ ነው፣ ሰንሰለቱ ስለሚፈትገው። ውሃው ከሚነካው መስመር አጠገብም ትንሽ አይጠፋም። ሌላው ቦታ ላይ የሚታየው ንጣፍ ነው፣ የቀለም ንጣፍ። አዲስ የተቀባው ቦታ ከአሮጌው ይለያል።

የሐይቁ ማዶ፣ አባትህ በየትኛው ክፍል ነበር? ሞተር ክፍል ወይስ ወለል ላይ?

የሐይቁ_ማዶ
ጋሼ፣ ሞተር ክፍል ነበር። ስለጻፉልኝ በጣም አመሰግናለሁ፣ እርስዎን የመሰለ ሰው እዚህ አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ስልክ በውስጥ መስመር ልኬልዎታለሁ።

የቀይ_ባሕር_ሽማግሌ
የሞተር ክፍል ሰዎች ጀግኖች ናቸው። እኛ ላይ ሆነን ሞቀን ስንል እነሱ ታች ይቀቀሉ ነበር። እደውላለሁ።

ወረንጦ
ጋሼ ያሉት ነገር በወርቅ ይጻፍ። እኔ ለንደን ነኝ፣ ቴምዝ ወንዝ ላይ ቤልፋስት የምትባለው የእንግሊዝ ክሩዘር ቆማለች፤ ከ1971 ጀምሮ ሙዚየም ናት። ሞዴል ለሚሠራ ሰው እንደ ትምህርት ቤት ናት። ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ቀለሙ በቀለም ላይ የተደራረበ ነው፣ ሰሌዳው ጎድጎድ ይላል፣ ዝገቱ ግን ትንሽ ነው። የሐይቁ ማዶ፣ አንተም ሩቅ መሄድ አያስፈልግህም። ከሲያትል በጀልባ ብሬመርተን ተሻገር። ተርነር ጆይ የምትባል ዲስትሮየር እዚያ ቆማለች፣ እንድትጎበኝ ክፍት ናት። ከፍሌቸር ትውልድ አዲስ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1964 በቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ጉዳይ ስሟ የተነሣው እሷ ናት። ግን የዲስትሮየር ወለል ምን ያህል የተጨናነቀ እንደሆነ በእግርህ ታየዋለህ። እውነተኞቹን ፍሌቸሮች ማየት የሚፈልግ ቦስተን፣ ቡፋሎና ባተን ሩዥ ይሂድ።

የሐይቁ_ማዶ
ቀፎው ተጣበቀ፣ ተሞረደ፣ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባው) ተቀባ። አሁን ቀለም ላይ ነኝ። ኢንተርኔት ላይ ሃምሳ ዓይነት ግራጫ አለ። ለጀማሪ ቀላሉ የቱ ነው?

ወረንጦ
«ሜዠር 21» ሥራ። እ.ኤ.አ. በ1942 መጨረሻና በ1943 ፓስፊክ ላይ የነበሩ ብዙ ዲስትሮየሮች እንዲህ ነበሩ። ቀጥ ያለው ገጽ ሁሉ ኔቪ ብሉ፣ ጠፍጣፋው ሁሉ ዴክ ብሉ። በቃ፣ ሁለት ቀለም። ዓላማው ከላይ የሚያይ አውሮፕላን መርከቧን ከባሕሩ እንዳይለያት ነው። መስመር ማስመር የለም፣ ወለሉ ላይ እንጨት የለም።

አንድ ነገር ግን፦ ቀለሙን ከጠርሙሱ እንዳለ አትቀባው። ትንሽ ነጭ ወይም ፈዛዛ ግራጫ ጨምርበት። ትልቅ መርከብ ከሩቅ ስናይ አየሩ ቀለሟን ያፈዝዘዋል። በ1/700 መርከቧን ከብዙ መቶ ሜትር ርቀት እንዳየሃት ነው የሚቆጠረው። ጥቁር ሰማያዊውን እንዳለ ከቀባኸው ዝርዝሩ ይዋጣል።

ስቱኮ_በብዛት
ይሄ «ያፈዝዘዋል» የሚሉት ነገር አይዋጥልኝም። ቀለሙ በሰነድ የተመዘገበ ነው። ሰነዱ ላይ ያለውን ቀባ፣ አለቀ። የራስህን ነጭ መጨመር ከጀመርክ ማቆሚያ የለውም።

ወረንጦ
ከሰነዱ ጎን የመደርደሪያህን አምፖል አስብ። ባሕር ላይ ፀሐይ አለ፣ ሳሎን ውስጥ የለም። ለማንኛውም ሁለቱንም በአሮጌ ፕላስቲክ ላይ ሞክሮ ዓይኑ የወደደውን ይምረጥ።

ሻማና_ፕላስቲክ
መጀመሪያ ወለሉን ቀባ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ወለሉን በፕላስተር ሸፍነህ ግድግዳውን። ወይም ወለሉ ላይ ብዙ ጉብታ ካለ ተቃራኒውን፦ ግድግዳውን በነፃነት ቀብተህ ወለሉን በቀጭን ብሩሽ ሙላው። በትንሽ ዲስትሮየር ሁለተኛው ይቀላል ባይ ነኝ። ፕላስተር በዚያ ሁሉ ሳጥንና ቱቦ መሀል አይተኛም።

ሁለት ስስ ሽፋን ከአንድ ወፍራም ይሻላል። የመጀመሪያው ሲቀባ ያስጠላሃል፣ ተስፋ አትቁረጥ። ከዚያ የመርከቧን ቁጥር፣ 445ን፣ ፊት ላይ ለመለጠፍ ቦታውን በሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ሸፍነው። ዲካል (የሚለጠፈው ቁጥርና ምልክት) ደብዛዛ ቀለም ላይ ከተለጠፈ ሥሩ አየር ይይዝና ነጣ ብሎ ይታያል። ከዚያ ጥቁር ቡናማ ቀለም በጣም አቅጥነህ በየስርጉዱ አፍስስ፣ የተረፈውን በእርጥብ ብሩሽ አንሣ። በመጨረሻ ሁሉንም በደብዛዛ ቫርኒሽ። ያኔ ነው መርከብ የምትመስለው።

የሐይቁ_ማዶ
አንድ የቀረኝ ነገር ከምሰሶው ወደ ኋላ የሚዘረጋው ገመድ ነው። ክር ሞከርኩ፣ የመርከብ መጎተቻ ነው የሚመስለው።

ሻማና_ፕላስቲክ
ስሜን ያወጣሁበት ጥያቄ መጣ 😄 ክር አትጠቀም፣ ጸጉር አለው፣ ወፍራምም ነው። ከኪቱ የተረፈውን ፍሬም ውሰድ። የጣት ያህል ርዝመት ቁረጥ። ከሻማ ነበልባል በላይ ከፍ አድርገህ እያሽከረከርክ አሙቀው፣ ነበልባሉ አይንካው። ሲለሰልስና ሲያብረቀርቅ ከሻማው አውጣው፣ ከዚያ ሁለቱን ጫፍ ይዘህ ሳብ። በፍጥነት ከሳብክ ይቀጥናል፣ በዝግታ ከሳብክ ይወፍራል። ከጸጉር የቀጠነ ማውጣት ይቻላል። ርዝመቱን ለክተህ ቁረጥ፣ በስቴኪኒ ጫፍ ጠብታ ነጭ የእንጨት ሙጫ አስነካው። ከላላ ደግሞ የጠፋ ክብሪት ትኩስ ጫፉን ጠጋ ብታደርግለት ራሱ ይወጠራል። ብዙ ከተጠጋ ግን ይበጠሳል። ልጆች አጠገብ ካሉ ሻማው ለሌላ ቀን ይቆይ።

የሐይቁ_ማዶ
ሠራልኝ! ባለቤቴ ከሁሉ በላይ የወደደችው ይህን ገመድ ነው። አሁን እውነቱን ንገሩኝ፣ ይህን ፍሌቸር ቆርጬ፣ ቀይሬ «ኢትዮጵያ» ማድረግ ይቻላል?

ወረንጦ
አይቻልም። ቅርጿ ሌላ ነው። «ኢትዮጵያ» 95 ሜትር ገደማ ትረዝማለች፣ ከፍሌቸር በሃያ ሜትር ታንሳለች፣ ወርዷ ግን ትንሽ ይበልጣል። ፍሌቸር ለፍጥነት የተሳለ ቢላ ነው፣ ያቺ ደግሞ ዕቃና ሰው የምትይዝ ናት። ሁለት አምስት አምስት የቶርፔዶ ቱቦዎቹን አንሥተህ ብትጥልም ቀፎው አይሆንም።

መንገዱ ይሄ ነው። ቀፎዋን ከፕላስቲክ ሰሌዳ እየቆረጥክ ትሠራለህ። የባርነጋት መደብ አጠቃላይ ንድፍ አሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ ይፈለጋል። የኦርካን የጦርነት ዘመን ፎቶዎች የአሜሪካ ባሕር ኃይል የታሪክ ክፍል ድረ ገጽ ላይ ታገኛለህ። መድፍ፣ ጀልባ፣ መልህቅ ከሌላ ኪት ትርፍ ይወሰዳል፤ ስለዚህ ከፍሌቸሩ የተረፈውን ምንም አትጣል። በዚህ ጊዜ ግን ለስቱኮ እጅ እሰጣለሁ፦ 1/350 ሥራት። 27 ሴንቲሜትር ትሆናለች፣ ለሳሎንህም ትበቃለች።

ስቱኮ_በብዛት
ይሄን መልእክት በፍሬም አድርጌ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ።

የቀይ_ባሕር_ሽማግሌ
የጦርነት ዘመን ፎቶ ብቻ አይተህ እንዳትሠራ፣ ልጄ። እኛ ጋ ስትመጣ ያኔ የነበራት መሣሪያ ሁሉ አልነበረባትም። አውሮፕላን መደገፉም ቀርቶ ማሠልጠኛ ነበረች፣ ዕጩዎች የሚሠለጥኑባት። አባትህ ያስቀመጣቸውን ፎቶዎች በየዓመቱ ለያቸው። ስደውል ስለ እያንዳንዱ እነግርሃለሁ። በእኛ አቆጣጠር በ1983 ወደ የመን ሄዳ ከሁለት ዓመት በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት እስክትሸጥ ድረስ ብዙ ተለዋውጣለች።

ቦሌ_ሞዴሊስት
የሐይቁ ማዶ፣ ስትጀምራት አዲስ ክር ክፈትና አሳየን። እኔ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ወሬ በኋላ አንድ ጥያቄ፦ በውሃ የሚሠራውን ቀለም በቧንቧ ውሃ ማቅጠን ይቻላል ወይስ የግድ የራሱን ማቅጠኛ ላስመጣ?

ሻማና_ፕላስቲክ
ለብሩሽ ከሆነ ውሃ ይበቃል። የቧንቧ ውሃችሁ ካልካሬ ካለበት ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን ንጹሕ ውሃ ግዛ። በጠብታ በጠብታ ጨምር፣ ሳህን ላይ ስታዘነብለው እንደ ወተት ከወረደ በቂ ነው።